የሚወጣው ውኃ፦ ከካፋ የእንሰት ጓሮ እስከ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ

የአንድ ከተማ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ጸሐፊው አስቀድሞ የሚመረምረው፣ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ውኃ ይቀዱ የነበረው ከየትኛው ምንጭ እንደ ሆነ፣ ምንጩን ማን እንዳጐለበተውና ቧንቧውም በማን ዘመን እንደ ተዘረጋ ነው፤ ያው ውኃ ወጥ ከተሠራበት፣ ልብስ ከታጠበበትና ገላ ከተለቃለቀበት በኋላ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ግን ከጥንት ጀምሮ ጥቂት ነው። የሚገባው ውኃ በእልልታና በምረቃ ተቀባይነት አግኝቶ የባለሥልጣኑ ስም በእብነ በረድ ሲቀረጽለት፣ የሚወጣው ውኃ ምስክር ሳይኖረው በጓሮ በኩል ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ዝምታ በብዙ ከተሞቻችን ላይ ብርቱ ጉዳት ያስከተለ ስለ ሆነ፣ የሚወጣውን ውኃ ማስተዳደር ከባሕር ማዶ እንደ ሸቀጥ ብቻ የመጣልን ጥበብ ሳይሆን በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ገበሬው በጓሮው ሲሠራበት የኖረ ሥርዓት መሆኑን፣ ሥርዓቱም ገበሬው ከተሜ በሆነ ጊዜ እንዴት ከደጅ እንደ ቀረ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ለዚህ ነገር ሺሺንዳን መነሻ ማድረጌ ያለ ምክንያት አይደለም። ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረቆረች የካፋ ከተማ ስትሆን፣ አካባቢዋ ልምላሜ የማይለየው፣ ቡና በጫካ ጥላ ሥር ራሱን ዘርቶ የሚበቅልበት፣ እንሰትም ከየቤቱ ጀርባ እንደ ቅጥር የቆመበት አገር ነው። በቦንጋና በዙሪያዋ በዓመት የሚወርደው ዝናም ወደ 1,700 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ሳይፈስና ሳይሰርግ በመሬት ላይ ቢጠራቀም ከሰው ቁመት ጋር የሚተካከል ነው። ከካፋ ወንዞች እነ ጎጀብ ወደ ኦሞ ሲወርዱ፣ በምዕራብ በኩል ያሉት ደግሞ ወደ ባሮና ወደ አኮቦ ተፋሰስ ያዘነብላሉ፤ ስለዚህ የካፋ ሰው በውኃ ራስጌ የሚኖር፣ ከበላዩ ጎረቤት የሌለው፣ ከበታቹ ግን እጅግ ብዙ ጎረቤት ያለው ሰው ነው። ውኃ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ስለ እጣቢ መነጋገር ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ውኃ በበዛበት ሁሉ ቆሻሻው የሚጓዝበትም መንገድ ይበዛል፤ ከላይ ያለው የመጸዳጃ ጉድጓድና ከታች ያለው የመጠጥ ጉድጓድም ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ከመሬት በታች ይገናኛሉ።

የጥንቱን ሥርዓት ለመረዳት የካፋን ገበሬ ቅጥር ግቢ ከምድጃው ተነሥቶ ወደ ውጭ ማየት ያስፈልጋል። ከቤቱ ቀጥሎ የሚገኘው እንሰቱ ነው፤ ከእንሰቱ ወዲያ ቡናው፣ ከቡናው ወዲያ የእህሉ ማሳ፣ ከማሳውም ወዲያ ግጦሹና ዱሩ ይከተላል። ይህ አሰላለፍ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚፈጅ፣ ፍግ የሚወድና የቤተሰቡ የክፉ ቀን ዋስ የሆነ ተክል ስለ ሆነ ከእጅና ከዓይን ሊርቅ አይገባውም፤ ከበረት የሚጠረገው እበት፣ ከምድጃ የሚወጣው አመድ፣ ከመክተፊያው የሚራገፈው ልጣጭ፣ የድስትና የቅል እጣቢ ሁሉ መድረሻው እርሱ ነው። እመቤቲቱ ዕቃ ያጠበችበትን ውኃ በሩ ላይ ቆማ አትረጨውም፤ ይዛው ወደ ጓሮ ትዞርና ከአንዱ እንሰት ግርጌ ታፈስሰዋለች፤ በማግስቱም ለሌላው ታዳርሳለች። የአፈር ሊቃውንት የእንሰትን አገር መርምረው ያገኙት ነገር ይህንኑ የሚያጸና ነው፤ መሬቱ በቤቱ ዙሪያ እጅግ የሰባ ሲሆን፣ ከቤቱ እየራቀ በሄደ መጠን እየሳሳ ይሄዳል፤ ይህም ስብ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የተላለፈ የእጣቢና የፍግ ቅርስ ነው።

ከእንሰቱ ግርጌ የፈሰሰው እጣቢ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ቅባቱና የምግቡ ትርፍራፊ በላይኛው የቅጠላ ቅጠል ምንጣፍ ላይ ይቀራል፤ ውኃው በካፋ ጥልቅ ቀይ አፈር ውስጥ ዝግ ብሎ ሲሰርግ፣ በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ የሚኖሩ ለዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት የሟሟውን ርኵሰት እየተመገቡ ወደ ጨውነትና ወደ አየርነት ይለውጡታል፤ እንሰቱም በእነዚያ እንደ ገመድ በተበተኑ ብዙ ሥሮቹ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ስቦ ወደ ቅጠሉ ያወጣዋል። ዛሬ መሐንዲሶች በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ጠጠር ደልድለውና አየር ነፍተው የሚፈጽሙት ሥራ በባሕርዩ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ የመጠንና የፍጥነት ነው። የቤቱ እጣቢ ጥቂት፣ መሬቱም ሰፊ በነበረበት ዘመን አፈሩ ሥራውን ሳይቸኩል ይፈጽም ነበር፤ ወንዙም ከሰው ቤት የሚወጣ ውኃ የሚደርሰው ተጣርቶ ነበር።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ከሚገባው በላይ ማመስገን እውነትን መበደል ነው። እጣቢው ሥርዓት ሲኖረው፣ የሰው ዓይነ ምድር ግን ሥርዓት አልነበረውም። በካፋም ሆነ በተቀረው ኢትዮጵያ ሰው ወገቡን የሚሞክረው በጓሮ፣ በቍጥቋጦ ሥርና በወንዝ ዳር ነበር። የዚህን ዋጋ ለማወቅ የኮሶ ትልን ነገር ማስታወስ ይበቃል፤ በሜዳ ላይ የቀረው የትሉ እንቍላል ከሣር ጋር ወደ ከብቱ ሆድ ይገባል፣ ከከብቱ ሥጋ ውስጥ ተቀምጦ ይቈያል፣ በጥሬ ሥጋም ወደ ሰው ይመለሳል፤ ሰውም በየሁለት ወሩ ያህል የኮሶን አበባ ወቅጦ እየጠጣ ትሉን ያወጣና ያንኑ እንቍላል እንደ ገና በሜዳ ይበትነዋል። ስለ አገራችን የጻፉ ብዙ መንገደኞች መድኃኒቱን መዝግበዋል፤ ዑደቱን የሚቈርጥ ጉድጓድ መኖር አለመኖሩን ግን ልብ ያለ ብዙ አልነበረም። ከእነርሱ ይልቅ ሊያስደንቀን የሚገባው ትእዛዙ በእጃችን የነበረ መሆኑ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ እስራኤላዊው ከሰፈር ውጭ የተለየ ስፍራ እንዲኖረው፣ መቆፈሪያም ይዞ እንዲወጣና የወጣውን በአፈር እንዲሸፍን ያዝዛል። ኦሪትን አክብሮ በየደብሩ ሲያነብ የኖረ ሕዝብ ስለሚበላና ስለማይበላ እንስሳ የተጻፈውን በጥብቅ ሲጠብቅ፣ ይህን አንድ ሕግ ግን የጦር ሰፈር ሕግ ብቻ አድርጎ ማለፉ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሕዝቡን ከከፋ እልቂት የጠበቀው ንጽሕናው ሳይሆን ተበታትኖ መኖሩ ነበር።

መበታተኑ ያበቃው ከተማ በመጣ ጊዜ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተማረከ በኋላ የጦር ሰፈር፣ ከሰፈሩም ጋር ገበያ፣ ከገበያውም ጋር ቤቱ ከቤት የተጠጋ ነዋሪ መጣ። ከተሜው የእንሰት ጓሮ የሌለው ወይም ጓሮው ለሁለትና ለሦስት ጭሰኛ የተከፋፈለ ስለ ሆነ፣ እጣቢውን የሚሰጠው ተክል አላገኘም፤ በሩ ላይ ቆሞ ወደ መንገድ ረጨው። በዋና ከተማችን በአዲስ አበባም የሆነው ይኸው ነው፤ ኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ውኃ በቧንቧ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲያመጣ ሕዝቡ መደነቁ ሲነገር ይኖራል፤ ስለ ጥራጊው ግን የተተረከልን ሌሊት ሌሊት ጅቦች እየገቡ ከተማይቱን ያጸዱ እንደ ነበረ ብቻ ነው። የአንድ መናገሻ ከተማ የጽዳት አገልግሎት በአራዊት እጅ መቅረቱ መንገደኞችን ሲያስገርም፣ ነዋሪውን ግን ዋጋ አስከፈለው።

ኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የኅዳር በሽታ ወደ እኛም ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ነፍስ እንዳጠፋ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ የየግቢው ጥራጊ ተሰብስቦ በየደጁ እየነደደ ከተማው በጢስ ሲታጠን ይውላል። ያ ወረርሽኝ በትንፋሽ የሚተላለፍ እንጂ ከጥራጊ የሚነሣ እንዳልነበረ ዛሬ እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ልማዱን በዚህ ምክንያት የሚንቁትን አልደግፍም። ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ፣ የዘመን አቈጣጠሩ ውስጥ ቀን መድቦ፣ የእኔ ግቢ ቆሻሻ የጎረቤቴም ጉዳይ ነው ብሎ የመሰከረበት ከዚህ ሌላ ቀን የለንም። ጕድለቱ እሳት የሚበላው ደረቁን ብቻ መሆኑ ነው፤ ፈሳሹ የታጠነበት ቀን አልኖረም።

ከዚያ አስቀድሞ በሌላው ዓለም የፈሳሹ ነገር መልክ መያዝ ጀምሮ ነበር። በ1854 እ.ኤ.አ. ዶክተር ጆን ስኖው በለንደን የኮሌራ ሕሙማንን ቤት በካርታ ላይ አስፍሮ ሞቱ ከአንድ የውኃ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ካስረዳ በኋላ፣ ከአራት ዓመትም በኋላ የቴምዝ ወንዝ ግማት ፓርላማውን ካስጨነቀው በኋላ፣ ታላላቆቹ ከተሞች ከመሬት በታች ረጃጅም የፍሳሽ መስመር መዘርጋት ያዙ። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የትንሹ ቤት ታሪክ ነው። በ1860 እ.ኤ.አ. ገደማ ዣን ሉዊ ሙራስ የተባለ ፈረንሳዊ ቬዙል በምትባል ከተማ የቤት ፍሳሽ የሚገባበት የግንብ ጉድጓድ ሠርቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢከፍተው፣ በደረቅ ቆሻሻ ተሞልቶ ይጠብቀኛል ያለው ጉድጓድ አብዛኛው ፈሳሽ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ በ1881 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አወጣበት፤ ቈይቶም እንግሊዛዊው ዶናልድ ካሜሮን በኤክሰተር ከተማ ይህንኑ አሻሽሎ ዛሬ ሴፕቲክ ታንክ የምንለውን ስም ሰጠው።

የዚህ ታንክ አሠራር ለማንም ግንበኛ የሚገባ ነው። ፍሳሹ በአንድ ወገን ሲገባ ፍጥነቱ ይበርዳል፤ ከባዱ ወደ ታች ዘቅጦ ዝቃጭ ይሆናል፣ ቅባቱ ወደ ላይ ተንሳፍፎ እንደ ቆዳ ይረጋል፣ በመካከል የቀረው ውኃ በግድግዳው ላይ በተሠራው ቀዳዳ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፋል። አየር በማያገኘው ዝቃጭ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታት ቆሻሻውን እያብላሉ ይቀንሱታል፤ ከዚያ የሚወጣው ውኃ የጠራ ቢመስልም በሽታ አምጪውን ሁሉ ያልተለየ ስለ ሆነ፣ ወይ በጠጠርና በአፈር ውስጥ መስረግ፣ ወይ በተክል በተሸፈነ ገንዳ ማለፍ አለበት። በአገራችን ግን ታንኩ ሲገባ ይህ ሁለተኛው እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ተዘለለ። ብዙ ባለ ንብረት ሴፕቲክ ታንክ የሚለው፣ ግድግዳው በድንጋይ የተካበ፣ ወለሉ ያልተለሰነ፣ መውጫውም በክረምት ወደ ጎርፍ ቦይ የሚከፈት ጉድጓድ ነው።

ስለ ጽዳት የሚያስተምር ባለሙያ በብዛት የወጣው ከጎንደር ነው። በደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ ጤና መኰንንና ነርስ ሲያሠለጥን ሦስተኛ አድርጎ ሳኒታሪያን የሚባለውን የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ያወጣ ነበር፤ ሦስቱም አንድ ጓድ ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። ሐኪሙ የታመመውን ሲጠብቅ፣ ሳኒታሪያኑ ምንጩን ያጥራል፣ ቄራውንና ምግብ ቤቱን ይቈጣጠራል፣ ጉድጓድ ያስቈፍራል። የሕክምና ታሪካችን በሚተረክበት ጊዜ ይህ ሦስተኛው ሰው መረሳቱ፣ ቀደም ብዬ ያነሣሁት ዝምታ አንድ ክፍል ነው።

ጉድጓዱ ወደ ካፋ መንደሮች በአዋጅ የገባው ግን በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው እንቅስቃሴ ነው። በዚያ ዓመት በዶክተር ሽፈራው ተክለማርያም የሚመራው የደቡብ ክልል ጤና ቢሮ፣ ካፋም ያኔ በዚያው ክልል ውስጥ ነበረችና፣ እያንዳንዱ አባወራ በራሱ ጉልበትና በአካባቢው ዕንጨት መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ዘመቻ ከፈተ፤ የሲሚንቶ ድጎማ አልነበረውም። ከ13 በመቶ በታች የነበረው የመጸዳጃ ቤት ባለቤትነት በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ እንደ ደረሰ የመንግሥት ዘገባ ተናገረ። በእነዚያው ዓመታት የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ሲመድብ፣ ከያዛቸው 16 ጥቅሎች 7ቱ ስለ ግልና ስለ አካባቢ ንጽሕና ነበሩ። መሬት መቈፈር ለካፋ ሰው ትምህርት የሚያሻው አልነበረም፤ የቀድሞው የካፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ የመከላከያ ቦይ አጥሮ የጠበቀ ነው። የዘመቻውን ፍጥነት ከልብ አደንቃለሁ፤ ሕፃናትን በተቅማጥ ሞት በሚያጣ አገር ፍጹም የሆነውን ዕቅድ እየጠበቁ መቀመጥ ኃጢአት ነው። ይሁን እንጂ ዝናም የማያባራበት መሬት የራሱ ሕግ አለው፤ ክፈፉ ያልተገነባ ጉድጓድ በክረምት ይናዳል፣ የዕንጨቱን ወለል ምስጥና እርጥበት ይበላዋል፣ ጥልቅ ሆኖ የተቈፈረውም የከርሰ ምድር ውኃ ጋር ይደርሳል። በገጠሩ ጉድጓዱ ሲሞላ ሌላ ይቈፈራል፤ በሺሺንዳ ዓይነት ከተማ፣ ግቢው ጠባብ በሆነበት፣ ሁለተኛው ጉድጓድ ቦታ የለውም።

አዲስ አበባ የሄደችበት ጎዳና ሌላ ነው። የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ1963 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በቃሊቲ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ የሚቀበሉ የማጣሪያ ኩሬዎች ተሠሩ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስፍራ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ ተመረቀ። በመካከሉ ባለው ረዥም ዘመን መስመሩ የሚደርሰው ከአሥር ነዋሪ ለአንዱ እንኳ አልነበረም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከከተማው ዳር በብዛት በተሠሩ ጊዜ ዋናው መስመር ሊደርስባቸው ስላልቻለ፣ በሚኪሊላንድ፣ በቂሊንጦ፣ በቦሌ አራብሳና በኮዬ ፈጬ ለየሰፈሩ የሆነ ማጣሪያ ማቆም የግድ ሆነ። ፍሳሹን ብዙ ኪሎ ሜትር ከመንዳት በተፈጠረበት አጠገብ ማጣራት የሚለው ሐሳብ ወደ አገራችን በዚህ በር ገባ፤ ሐሳቡም ትክክል ነው። ነገር ግን ከእነዚህ አንዳንዶቹ ውኃውን እጅግ ረቂቅ በሆነ ሽፋን የሚያጣሩ፣ ሌት ተቀን የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሽፋኑን የሚያጥብ ኬሚካልና የሠለጠነ ተቈጣጣሪ የሚሹ መሣሪያዎች ናቸው፤ ለትንሽ የገበያ ከተማ እንዲህ ያለውን ማውረስ ከስጦታ ይልቅ ዕዳ ነው።

ለሺሺንዳ ዘመድ የሚሆነውን ሥራ የማየው በአርባ ምንጭ ነው። ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሰጠው፣ ሮዛ ተብሎ የተጠራ ጥናት በአራት የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች፣ ማለት በኬንያ ናኩሩ፣ በታንዛኒያ አሩሻ፣ በኡጋንዳ ኪትጉምና በእኛዋ አርባ ምንጭ ሲካሄድ፣ ሽንትን ከዓይነ ምድር ለይቶ የሚሰበስብ መጸዳጃ፣ ሲሞላ ዛፍ የሚተከልበት አጭር ጉድጓድ፣ ለቤት እጣቢም ሌላ ብልሃት ተሞከረ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነው። አራት አጣናዎች በክብ ይተከላሉ፤ በዙሪያቸው ጆንያ የመሰለ ጨርቅ ይጠመጠማል፤ በመካከሉ ቂጡ የተቈረጠ ባልዲ ተቀምጦ በጠጠር ይሞላል፤ በባልዲው ዙሪያ አፈር፣ ፍግና አመድ ተደባልቆ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ባልዲው ወደ ላይ ይሳብና እንደ ገና ጠጠር፣ እንደ ገና አፈር እየተደረገ እስከ ሰው ደረት ድረስ ይነሣል። ሲያልቅ በመካከሉ ከላይ እስከ ታች የወረደ የጠጠር ዓምድ ያለው፣ በጎኑ ቀዳዳ ተበጅቶለት ቆስጣና ቲማቲም የተተከለበት የአፈር ግንብ ይሆናል። እመቤቲቱ እጣቢውን በጠጠሩ ላይ ታፈስሳለች፤ ውኃው ወደ ጎን እየሰረገ ተክሉን ያጠጣል። የሳሙናው ጨው አፈሩን እንዳያበላሽ አልፎ አልፎ ንጹሕ ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል እንጂ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም።

ይህን ባሰብኩ ቍጥር ልቤ የሚነካው፣ ከዓለም አቀፍ ጥናት የወጣው ብልሃት የእንሰቱን ግርጌ ከአግድም ወደ ላይ አንሥቶ ለጠባብ ግቢ ያበቃው መሆኑ ነው። ሲሞላ ዛፍ የሚተከልበትን ጉድጓድም የዚምባብዌው ሊቅ ፒተር ሞርጋን አስፋፍቶት፣ በአገራችን በካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት አማካይነት በብዙ ሺህ ቤተሰብ ጓሮ ተቈፍሯል፤ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ የከርሰ ምድሩን ውኃ አይነካም፤ ከየጊዜው አጠቃቀም በኋላ አመድና አፈር ይነሰነስበታል፤ ሲሞላም ዳሱ ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራል፤ በቀድሞው ቦታ ላይ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ይበቅላል። የካፋ ገበሬ ይህን ለመቀበል ከራሱ ልማድ ሌላ ሰባኪ አያስፈልገውም ነበር።

ስለ ቡና ማጠቢያ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሥራዬን አላሟላሁም፤ በዚህ አገር ከቤት የሚወጣውን እጣቢ ሁሉ አንድ ላይ ቢደምሩት በመኸር ወራት ከአንድ ማጠቢያ ጣቢያ የሚወጣውን የማያህልበት ጊዜ አለ። የጫካ ቡና አብዛኛው በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ሆኖ ሲሸጥ የውኃ ዕዳ የለበትም፤ ታጥቦ የሚሸጠው ግን ልጣጩ ሲፈለቀቅና ሙጫው ሲብላላ ስኳርና ኮምጣጤ የሞላበት ውኃ ያወጣል። ይህ ውኃ ወንዝ ሲገባ፣ የሚያብላሉት ረቂቃን ፍጥረታት በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውና ትላትሉ ታንቆ ይሞታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጅማ ዙሪያ ከማጠቢያ ጣቢያዎች በላይና በታች ያለውን ወንዝ አስተያይተው ይህንኑ አረጋግጠዋል። መድኃኒቱም ከዚያው ከጅማ የራቀ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የጅማ እርሻ ምርምር ጣቢያ ለቡና ማሳ አፈር ማቀቢያ ከታንዛኒያ ያስመጣው ቬቲቨር ሣር፣ ሥሩ ወደ ታች ብዙ ሜትር የሚወርድ በመሆኑ የማጠቢያ ፍሳሽ በሚያልፍበት ረግረግ ላይ ተተክሎ ሲያጣራ ታይቷል።

እንግዲህ ለሺሺንዳና ለመሰሎቿ የሚበጀውን በእኔ ፍርድ ልናገር። ጓሮ ያለው ቤት እጣቢውን ለእንሰቱ መልሶ ይስጥ፤ ጓሮ የሌለው የአፈር ግንቡን ያቁም። ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የተጠጋጉ ከ20 እስከ 30 ቤቶች በአንድነት፣ ወለሉ የተለሰነ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ክፍል ታንክ፣ ከታንኩም ቀጥሎ ቬቲቨር ወይም ሸንበቆ የበቀለበት የጠጠር ገንዳ ቢኖራቸው፣ የካፋ መሬት ተዳፋት ስለ ሆነ ውኃው ያለ ሞተር በራሱ ቁልቁለት ይሄዳል። ከሁሉ የሚከብደው ዝቃጩ ነው፤ ታንኩ በየጥቂት ዓመቱ መመጠጥ አለበት፤ የመምጠጫው መኪናም ሲመጣ ጭነቱን የሚያራግፍበት ስፍራ ካላገኘ ከከተማው መውጫ ባለው ድልድይ ሥር ይደፋዋል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ከመኪናው አስቀድሞ መግዛት የሚገባው መሬት ነው፤ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ፣ ዝቃጩ በአሸዋ ላይ ተሰጥቶ በዝናም እንዳይረጥብ ጣራ የሚለብስ፣ ደርቆም ለዛፍ ተከላ የሚውልበት አንድ ሄክታር ያህል መሬት። የጅማ፣ የቦንጋና የሚዛን መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ በመንገዱ ዳር ያለው ቦታ በፍጥነት በግንብ እየተያዘ ነው፤ ያ አንድ ሄክታር በከተማው ፕላን ላይ በስሙ ተጽፎ መከለል ያለበት በዚህ ዓመት ነው፤ ቦታው በቤት ከተያዘ በኋላ ከሆነ ግን ለባለ ቤቶቹ ካሣ መክፈል የግድ ይሆናል፤ ያን ካሣ የሚችል የትንሽ ከተማ በጀት ደግሞ የለም።